ብስክሌቴን የሰካሁባት ቅዳሜ

መብራት ድንገት ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ መልሱን አውቀዋለሁ። በመስኮት ብቅ ትሉና ለጎረቤት "የናንተስ አለ?" ብላችሁ ትጮኻላችሁ። እነሱም ዘንድ ከጠፋ "ሄዷል በቃ" ብላችሁ ሻማ ትፈልጋላችሁ። እነሱ ዘንድ ካለ ግን ጣጣው የራሳችሁ ነውና ወደ ቆጣሪው ትሄዳላችሁ። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ የአርባ ሦስት ዓመቱ ሰውዬ ግን አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህችን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ በዚህም የተነሳ የአንዲት ሴት ትንፋሽ ሊቋረጥ ነበር። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ ከባለቤቴ ከራሔል ጋር ከተለያየን ስምንት ወር ሆኖን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከኖርንበት ቤት አንድ ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ይዤ ወጣሁና ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ሽቅብ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ እማማ ዘውዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከድሮ ቤቴ ብዙም አልራቅሁም። ከሰፈር መራቅ አልቻልኩም፤ ከሰው ግን መራቅ ፈልጌ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማይቻል የገባኝ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ነው።

ሰልፉ ያው የድሮው ሰልፍ ነው። ከራሔል ጋር ለዓመታት የተሰለፍንበት ነውና ሁሉም ያውቀናል። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ስለነበር በየቀኑ በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ እቆማለሁ። አንዷ ነጠላ ነጋዴ "ራሔልስ? ዛሬም ቀረች?" ትለኛለች። "ትንሽ አሟት ነው" እላለሁ። በማግስቱ ሌላው "ባለቤትህ ተሻላት?" ይለኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ውሸት ለመጀመሪያው ድጋፍ ያቆማል። ስድስት ወር ያህል የሌለች ሚስት ሳስታምም ከረምኩ።

እንግዲህ ብስክሌቱን የገዛሁት ለዚህ ነው። ለሰው የምናገረው ግን ሌላ ነበር። "የታክሲ ወረፋ መረረኝ፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ጭስ የለውም" እል ነበር። ለሥራ መመላለሻ የሚሸጡት ርካሽ ኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ያኔ በየቦታው መታየት ጀምረው ነበርና ከሁሉ ርካሹን መረጥኩ። ሻጩ አፉ ማር ነው። "አንዴ ከሞላ ሳምንቱን ይነዳሃል፣ ውሃ አይበግረውም፣ ፍሬኑ ምላጭ ነው፣ ሌባ ቢነካው አገር ምድሩን በጩኸት ያቀልጠዋል" አለኝ። ዳገት እወጣ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም የምኖረው እንጦጦ ሥር መሆኑን አልነገርኩትም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። መጀመሪያ የመጣው የዳገቱ ጉድ ነው። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ሞተሩን ሳልነካው ይከንፋል፤ ፍሬኑን ብጨብጠው ይሸታል እንጂ አይዝም። ማታ ስመለስ ደግሞ ገና ከስድስት ኪሎ ፈቅ ሳልል የባትሪው ምልክት አንድ በአንድ ይጠፋል። ባትሪው ካለቀ ያ ዕቃ ብስክሌት አይደለም፤ ጎማ የተገጠመለት ጆንያ ነው። አንድ ቀን ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታው ጋ ብወስደው ዙሪያውን አይቶ "ይሄ ጎማ ነው ሞተር?" አለና እጁን ጠረገ። የኋላ እግሩ ውስጥ ሞተሩ አለ፤ ከሞተሩ ገመድ ይወጣል፤ ገመዱን የሚደፍር ሰው ግን ሽሮ ሜዳ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሌባ ጠቋሚው ነው። ጩኸቱ ቀጭን ነው፣ ጢ... ጢ... ጢ... ይላል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ይጮኻል፣ ድመት ስትዘል ይጮኻል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይነካው ይጮኻል። ግቢው በሙሉ ለመደው። ከኋላ ቤት የሚኖሩት ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ ጆሯቸው ደከም ቢልም ይህችን ድምፅ ግን ይለዩዋታል። መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ "ታዬ! ፈረስህ አለቀሰ!" ይሉኛል።

እማማ ዘውዴን ላስተዋውቃችሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሳንባቸው ተጎድቶ ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል አይችሉም። ማሽኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እንደ ትንሽ ኮሞዲኖ ያለ ነው፤ አየሩን በቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ድረስ ያደርስላቸዋል። መብራት ሲሄድ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው አስቴር ከአልጋው አጠገብ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደር ትከፍትላቸዋለች። የእኔና የእሳቸው ክፍል የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ነውና የማሽኑን ጉርምርምታ ቀን ከሌት እሰማለሁ። ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ነው።

ብስክሌቱን ይዤ የገባሁ ቀን እማማ በር ላይ ተቀምጠው አዩኝና "ታዬ ልጄ፣ ይሄ ፈረስህ ምን ይበላል?" አሉኝ።

"መብራት ነው የሚበላው እማማ።"

"እንግዲያው ስትሰካው ንገረኝ። የኔ ማሽንና ያንተ ፈረስ ከአንድ ገበታ ሊበሉ ነው። እንዳይጣሉ።"

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገርኳቸው። ችግሩ እማማ ነግሬያቸው ብቻ አይለቁኝም። "ግባ፣ ቁጭ በል። ራት በላህ? ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ከልጅቱ ጋር አልታረቃችሁም? ሽማግሌ ልላክ እንዴ?" ይሉኛል። ከሰልፉ ጥያቄ ብሸሽ እቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ስለዚህ መንገር ተውኩ። ማታ ቀስ ብዬ እገባለሁ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ እስከ አልጋዬ አደርሰዋለሁ፣ እሰካዋለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ሌባ ፈርቼ ውስጥ ስለማሳድረው የክፍሉን ግማሽ ወስዶብኛል፤ አልጋዬ ላይ የምወጣው በጎኔ ተንሸራትቼ ነው። ውጭ ምልክት ስለሌለም ቤት ልኑር አልኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ይህን እንደ ነፃነት እቆጥረው ነበር።

ያቺ ቅዳሜ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበረች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ በሬ ተንኳኳ።

"ታዬ፣ አለህ?"

የአስቴር ድምፅ ነው። አልመለስኩም።

"ታዬ?" ደግማ አንኳኳች። ትንፋሼን ውጬ ጣሪያውን አየሁ። ምን እንደምትፈልግ አላወቅሁም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። ምናልባት እናቷ ሽማግሌ ለመላክ ቆርጠው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆማ ሄደች። እርምጃዋ ከራቀ በኋላ ተነስቼ የፍሬን ሸራ ልፈልግ መርካቶ ወረድኩ።

ሸራው አልተገኘም። አንዱ "የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ገና አልገባም" አለኝ፤ ሌላው ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። ስመለስ ስድስት ኪሎን ሳላልፍ ባትሪው አለቀ፤ ዝናቡም እዚያው ጀመረ። የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ያንን ጆንያ በጎርፍ ውስጥ ሽቅብ ስገፋ ሚኒባሶች በጎኔ ያልፋሉ። አንዱ ቀስ አለና ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ!" አለኝ። ብስክሌቱን አየውና "እሱን እንኳ አንችልም" ብሎ ሳቀ። ውስጥ የተቀመጡት በጭጋጋማው መስታወት ያዩኛል። ከመካከላቸው ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ፊቴን አዞርኩ። በዚያች ሰዓት ልብሴ በስብሶ፣ የማንም ሰው ደረቅ ትከሻ አጠገብ ለመቀመጥ ምን ያህል እንደናፈቅሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን ተሳፍሬ የራሔልን ጤና ከምጠየቅ እየገፋሁ መሄዱን መረጥኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ግቢ ገባሁ። ማንም አልነበረም። ከኋላ ቤት የጋሽ አንጁሎ ሸማ ሥራ ይሰማል፤ በግድግዳው በኩል የእማማ ማሽን ይጉረመረማል። ብስክሌቱን አስገባሁ። ውሃ ከየቦታው ይንጠባጠባል፤ የባትሪው መሰኪያ ቀዳዳ ውስጥም እርጥበት አየሁ። በፎጣ ጠራረግሁት። "ውሃ አይበግረውም" ተብያለሁ አይደል? ሰካሁት። ቻርጀሩ ውስጥ ጠቅ የሚል ነገር ተሰማኝና አምፖሌ ጠፋ።

"ኤጭ! ሄደ" አልኩ።

ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መብራት መሄዱ ምን ይገርማል? ማሽኑም ዝም አለ፤ እሱም አልገረመኝም። መብራት በሄደ ቁጥር ዝም ይላል፤ አስቴር ሲሊንደሩን ትከፍታለች፤ በቃ። አስቴር መኖሯን ለአፍታ አልተጠራጠርኩም። የተለመደውን ጥያቄ እንዳልጠይቅ ያደረገኝ ድካም ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። "የናንተስ አለ?" ብዬ ብጠይቅ መልስ ይመጣል፤ ከመልሱ ጋር "አንተ ማን ነህ? ታዬ ነህ እንዴ? እንዴት ነህ?" ይከተላል። እርጥብ ልብሴን አወለቅሁና ጋቢ ተከናንቤ ተጋደምኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። በመሃል ያቺን ድምፅ ሰማኋት፤ ጢ... ጢ... ጢ...። ብስክሌቴ ነው። ተገላብጬ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። አላቆመችም። ሌላም የሆነ ነገር ግድግዳውን ቀስ ብሎ ሲነካ የሰማሁ መሰለኝ፤ ዝናቡ ነው አልኩ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ከኋላ ቤት የጋሽ አንጁሎ ድምፅ መጣ።

"ታዬ! ኧረ ፈረስህ አለቀሰ! ዝም አሰኘው እንጂ!"

እየተነጫነጭኩ ተነሳሁና የሌባ ጠቋሚውን መዝጊያ ተጫንኩ። ጩኸቱ አላቆመም። ደግሜ ተጫንኩ። መሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት አልበራችም። እንዴትስ ትበራለች? ባትሪው ስድስት ኪሎ ነው የሞተው። መሪውን እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ። የሞተ ነገር አይጮህም። ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?

ጆሮዬን ወደ ብስክሌቱ አስጠጋሁ፤ ዝም ብሏል። ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ድምፁ ከዚያ ማዶ ነበር።

በጋቢዬ፣ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የእማማ በር ገርበብ ብሎ ነበር። "አስቴር! አስቴር!" አልኩ። አስቴር የለችም። ማሽኑ ኃይል ሲቋረጥበት በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ይጮኻል፤ ያንን ድምፅ እስከዚያ ቀን ለይቼ ሰምቼው አላውቅም፤ አስቴር ሁልጊዜ ወዲያው ታጠፋዋለች። እማማ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ተደፍተው፣ አንድ እጃቸውን ሲሊንደሩ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ከእጃቸው ወድቆ አልጋው ሥር ገብቷል። ከንፈራቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ትከሻቸው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በእጃቸው ከዘራ አለ፤ ግድግዳውን ሲመቱ የነበረው በሱ ነው።

"እማማ! አይዞዎት እማማ! መብራት እኮ ሄዶ ነው፣ አሁን..."

ራሳቸውን ነቀነቁ። መናገር አልቻሉም። ከዘራቸውን ቀና አድርገው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ።

በመስኮቱ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሸማ ሱቁ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል።

ያቺን ሰዓት እስካሁን በሕልሜ አያታለሁ። መብራት አልሄደም። የጠፋው እኛ ግቢ ብቻ ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ቆጣሪው ሮጬ ብሬከሩን ወደ ላይ መለስኩት። ጠቅ ብሎ ወደቀ። ደግሜ መለስኩት። ደግሞ ወደቀ። ከዚያ ነው ቻርጀሩን እንዳልነቀልኩት የገባኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ገመዱን ስጎትት እጄን አቃጠለኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። "ጋሽ አንጁሎ! ጋሽ አንጁሎ! ይድረሱ!" እያልኩ እንደገና ወደ ቆጣሪው ሮጥኩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ብሬከሩ ያዘ። በውስጥ ማሽኑ አንዴ ቃተተና ማጉረምረም ጀመረ።

ጋሽ አንጁሎ ጥጥ የተሰገሰገበት ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ መጡ። እማማን ሲያዩ "ወይኔ እህቴን!" አሉና በደረታቸው ተኝተው ቁልፉን ከአልጋው ሥር አወጡ። ያ ክር የለመደ እጃቸው ሲሊንደሩን በአንድ ጊዜ ከፈተው።

"አስቴር የት ሄዳ ነው?" አልኳቸው።

"የዕድር ለቅሶ ሄዳ ነው። እኔን አደራ ብላኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ አየኋቸው፣ ደህና ነበሩ። ሸማው መብራት አይፈልግ፣ መጥፋቱን በምን ልወቅ? ጩኸቱን ደግሞ ያንተ ፈረስ ነው ብዬ..." አሉኝ ሲሊንደሩን እንደያዙ። "ጆሮዬ አይሰማምና መጀመሪያ ላንተ ልትነግርህ መጥታ ነበር። የለም አለችኝ።"

አንገቴን ደፍቼ የእማማን ቱቦ አስተካከልኩ።

ትንፋሻቸው ትንሽ ቢመለስም ከንፈራቸው አልቀላም። ሆስፒታል መድረስ ነበረባቸው። ጋሽ አንጁሎ ገና ከሥራ የወረደ ጋቢ አምጥተው ጠቀለሏቸው፤ እኔ ተሸከምኳቸው፤ እሳቸው ሲሊንደሩን አቅፈው ከጎኔ ተራመዱ። እማማ ምንም አይከብዱም ነበር። በዝናቡ አስፋልት ላይ ወጥተን ቆምን። በዚያ ሰዓት ያ ጉደኛ ብስክሌቴ ትዝ አለኝ፤ ሰው አይጭን፣ ሲሊንደር አይጭን፣ ራሱም ዳገት አይወጣ። መኪናው ሁሉ እያለፈን ሄደ። ከዚያ ሞልቶ የሚወርድ አንድ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ደሳለኝ ነው፤ ለዓመታት የተሳፈርኩበት።

"ታዬ! አንተ ሰው የት ጠፋህ? ምን ሆናችሁ?" አለና እማማን ሲያይ ወደ ኋላ ዞረ። ሰዉ ሳይጠየቅ ተነሳ። አሥር የሚሆን ሰው አንድ ቃል ሳያጉረመርም ዝናቡ ላይ ወረደ። ያቺ ነጠላ ነጋዴ ግን አልወረደችም፤ የእማማን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ታሻሽ ጀመር።

"እናትህ ናቸው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

ስለ ራሔል አልጠየቀችኝም። ደሳለኝ መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ አደረሰን።

ሐኪሞቹ ተቀበሏቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዷ ወጥታ "በጊዜ ደርሳችኋል፣ ደህና ይሆናሉ" አለችን። ጋሽ አንጁሎ ጥምጣማቸውን አውልቀው አለቀሱ። አስቴርም ተደውሎላት የለቅሶ ልብሷን እንደለበሰች ደረሰች። ጋሽ አንጁሎ "ይሄ ልጅ ነው ያተረፋቸው! መብራት ሄዶ እኔ ሳልሰማ እሱ ደረሰላቸው" አሏት። ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

"አንተ ባትኖር እናቴን አጥቻት ነበር" አለችኝ።

"ኧረ ተነሺ" አልኳት። የተናገርኩት ይህችኑ ነው። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር፤ በፍቅር እያየኝ ነበር። ስንት ወር ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጡት ሦስት ቀናት በሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ ሰው የከበበኝ ቀናት ናቸው። ጎረቤት የጾም ምግብ አምጥቶ በሬን አንኳኳ፣ ከፈትኩ። ደሳለኝ ደውሎ የእማማን ጤና ጠየቀኝ። ጋሽ አንጁሎ ቤታቸው አስገብተው በልጅነታቸው ከደጋው ጋሞ ወጥተው አዲስ አበባ እንዴት እንደገቡ አወሩልኝ። ሁሉም "መብራት ሄዶ" ይላል፤ መብራት ሄዶ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እዚህ አገር መብራት ከሄደ ጥፋተኛ አይፈለግም። የቀረበልኝን እጎርሳለሁ፣ አይወርድልኝም። ብቻዬን በነበርኩ ጊዜ እንኳ እንደነዚያ ሦስት ቀናት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም፤ ሰዎቹ የከበቡት ሌላ ሰው ነበር።

ረቡዕ ዕለት እማማ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። አስቴር ራስጌ ቆማ ትራስ ታስተካክላለች። አልተቀመጥኩም።

"እማማ፣ መብራት አልሄደም ነበር" አልኩ። "ብስክሌቱን ውሃ እንደነካው ሰክቼው ነው ያጠፋሁት። ከወር በላይ ሳልነግርዎት ስሰካ ነበር። አስቴር፣ አንቺም ቅዳሜ ጠዋት ስታንኳኪ ቤት ነበርኩ። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

አስቴር ትራሱን እንደያዘች ቀረች። አየችኝና ወጣች። በሩን ግን በኃይል ዘጋችው።

እማማ የማሽኑን ቱቦ በጣታቸው ያዝ አደረጉ።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"ቅዳሜ ዕለት... መስኮቱን ሲያሳዩኝ ነው?"

"አይደለም። ዱሮም አውቃለሁ። ያንተ ፈረስ ሲሰካ የኔ ማሽን ድምፁ ዝቅ ይላል። ማታ ማታ ዝቅ ሲል ስሰማ 'እሰይ፣ ታዬ ገባ' እላለሁ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ከዚያ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?"

"ብቆጣህ ትሄዳለህ። መግባትህንስ በምን አውቃለሁ?"

እዚያው ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ከራሔል ስለይ ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት። ለካስ ማንም አያውቀኝም ብዬ በጎኔ እየተንሸራተትኩ በምተኛበት በዚያ ክፍል፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው በየማታው መግባቴን ይጠብቅ ኖሯል።

አስቴር ይቅር አላለችኝም። ሰላም ስላት ትመልሳለች፣ ከዚያ ያለፈ ቃል የላትም። ነገሩ በሰፈሩ ሲሰማ ምግብ ማምጣቱም ቀረ፤ ጋሽ አንጁሎ ብቻ እንደ ድሮው ነበሩ። በሰፈሩ ሰው አልፈርድም። ብስክሌቱን ዳገት የሌለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ሸጥኩት። ጉዱን አንድም ሳልደብቅ፣ ፍሬኑን፣ ዳገቱን፣ ጎማውን፣ የቻርጀሩን ጠባሳ በእጄ ላይ ሳይቀር አሳይቼ ነው የሸጥኩለት። ሰልፌም ላይ ተመለስኩ። ነጠላ ነጋዴዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ "ራሔልስ?" ስትለኝ "ተለያይተናል" አልኳት። ክንዴን ያዝ አድርጋ "ብርድ ነው፣ ጠጋ በል" አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ኤሌክትሪክ ብስክሌት አትግዙ የምል ሰው አይደለሁም። ሜዳ ላይ ለሚኖር፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ መለዋወጫና የሚጠግንለት ባለሙያ በቅርብ ላለው ሰው ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል። ግን ርካሹን መርጣችሁ ልትገዙ ስትሉ ሻጩን ስለ ባትሪው ብቻ አትጠይቁ። ራሳችሁን ጠይቁ። የት ነው የምሰካው? ከማን ጋር ነው አንድ ገበታ የምበላው? ዳገት ላይ ሲጥለኝ ማን ያነሳኛል? ከሁሉ በላይ፣ የምገዛው ሥራ ለመሄድ ነው ወይስ ከሰው ለመሸሽ? እኔ የገዛሁት ለሁለተኛው ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፤ መድኃኒት መራራ መሆኑን ግን ረስቼው ነበር።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማታ ከታክሲ ወርጄ ግቢ ስገባ የእማማን በር አንኳኳለሁ። "እማማ፣ ገብቻለሁ" እላለሁ። "እሰይ" ይሉኛል ከውስጥ። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ ኖርን። ባለፈው የካቲት ሳንባቸው እንቢ አለና አረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ማሽኑን አስቴር ለሌላ ታማሚ ሰጠችው።

ከአርባቸው በኋላ አንድ ማታ ሥራ አምሽቼ ገባሁ። በሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ እጄን አነሳሁና ለማን እንደማንኳኳ ስላላወቅሁ መልሼ አወረድኩት። ግድግዳው ዝም ብሏል። ኮቴዬን አጥፍቼ ወደ ክፍሌ ማለፍ ስጀምር ከውስጥ የአስቴር ድምፅ መጣ።

"ታዬ፣ ገባህ?"

"ገብቻለሁ" አልኳት።

"እሰይ" አለች።